ብርቱ ብርድና መኪና፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 20፣ 30፣ አንዳንዴም 40 ዲግሪ ሲደርስ መኪና ይዞ መኖር የራሱ ዘዴ አለው። ጥያቄዎቹ የሚነሱት ጠዋት ላይ፣ መኪናው እምቢ ካለ በኋላ ነው። መፍትሔው ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለው ከዋዜማው ማታ ነው። ስለዚህ ብርዱ ሳይገባ ብታነቡት ይመረጣል። ዲግሪዎቹ በሙሉ በሴልሺየስ ናቸው።

መኪናዬ ትናንት ደህና ነበረች። ዛሬ ጠዋት ቁልፉን ሳዞር "ጠቅ ጠቅ" ብቻ ትላለች። ምን ነካት?

አብዛኛውን ጊዜ ባትሪው ነው። ባትሪ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው በውስጡ በሚካሄድ የኬሚካል ሥራ ነው። ብርድ ሲሆን ያ ሥራ ይንቀራፈፋል። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ተራ የመኪና ባትሪ ሞተር የማስነሳት ጉልበቱን ግማሽ ያህል ያጣል። በዚያው ሰዓት ዘይቱ ስለሚወፍር ሞተሩ ለመዞር ከወትሮው የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል። ሰጪው ደክሟል፣ ጠያቂው ብሶበታል። ጠቅ ጠቅ የሚለው ድምፅ የዚህ ውጤት ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ባትሪን ይበልጥ የሚያስረጀው ብርድ ሳይሆን ሙቀት ነው። በሞቃቱ ወራት ውስጥ ውስጡን የተጎዳ ባትሪ በብርዱ ወራት ይጋለጣል። ስለዚህ የባትሪ ምርመራ ጊዜው በረዶ ሲጥል ሳይሆን ከዚያ በፊት ነው።

ባትሪው ደህና መሆኑን ቀድሜ እንዴት ልወቅ?

ሞተሩ ጠፍቶ ለጥቂት ሰዓታት ካረፈ በኋላ በቮልት መለኪያ ለኩት። 12.6 ቮልት ገደማ ካሳየ ሙሉ ነው። 12.4 ከሆነ ሩብ ያህሉ ጎድሏል። 12 ላይ ከወረደ ሊያልቅ ጥቂት ነው የቀረው፤ እንዲህ ሆኖ ብርድ ላይ እንዳታሳድሩት።

ቮልት ብቻውን ግን ሁሉንም አይናገርም። ያረጀ ባትሪ ቮልቱ ሙሉ ሆኖ ጉልበት ሊያጣ ይችላል። ጋራዥ ወስዳችሁ ጭነት ሰጥተው ቢፈትሹላችሁ ይሻላል፤ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። የተለመደው የባትሪ ዕድሜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው። እኔ 4 ዓመት ያለፈውን ባትሪ ብርድ እስኪፈትነው አልጠብቅም፤ ቀድሜ እቀይረዋለሁ።

አዲስ ስትገዙ ሲሲኤ የሚባለውን ቁጥር እዩ። ባትሪው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ለ30 ሰከንድ ሊሰጥ የሚችለውን አምፔር ነው የሚነግራችሁ። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ከሚጠይቀው ያነሰ አትግዙ። ከፍ ቢል ግን ጉዳት የለውም። የባትሪው ጫፎች ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ነገር ካያችሁ በውሃ በተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ አጽዱት፤ ዱቄቱ ኤሌክትሪኩን ያንቀዋል።

አጭር አጭር ጉዞም ባትሪን ይጨርሳል። ሞተር ሲነሳ የወሰደውን ጉልበት ለመመለስ 5 ደቂቃ መንዳት አይበቃም፤ በተለይ ማሞቂያው፣ መብራቱና የመስታወት ማሞቂያው ሁሉም በርተው ከሆነ። የምትነዱት ቅርብ ለቅርብ ብቻ ከሆነ አነስተኛ ቻርጀር ገዝታችሁ ማታ ማታ ሰኩት።

እምቢ ሲል ስንት ጊዜ ልሞክር?

መጀመሪያ መብራት፣ ሬዲዮ፣ ማሞቂያ ሁሉንም አጥፉ። መኪናው በእጅ ማርሽ ከሆነ ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ርገጡ፤ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ማርሹን ጭምር እንዳያዞር ያግዘዋል። ከ10 ሰከንድ በላይ በተከታታይ አታዙሩ። ከዚያ አንድ ሁለት ደቂቃ አሳርፉት። የጋለው ሞተሪኖ ይቀዘቅዛል፣ ባትሪውም ትንሽ ትንፋሽ ያገኛል። ነዳጅ መስጫውን ደጋግሞ መርገጥ የድሮ መኪና ልማድ ነው፤ በዘመናዊ ሞተር ላይ አይረዳም። ናፍጣ ከሆነ የማሞቂያ ካንዴላው መብራት እስኪጠፋ ጠብቁ። በከባድ ብርድ ሁለት ጊዜ ማሞቅ ይጠቅማል።

ሦስት አራት ጊዜ ሞክራችሁ እምቢ ካለ ተዉት። ከዚያ በኋላ የምትሞክሩት የቀረችውን ጉልበት ለመጨረስ ነው።

ከሌላ መኪና ባትሪ ለማስነሳት ትክክለኛው ቅደም ተከተል የቱ ነው?

ከዚህ በፊት አንድ ነገር አረጋግጡ፦ ባትሪው በረዶ ሆኖ እንዳይሆን። ሙሉ ባትሪ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ እንኳ አይረጋም። ባዶ የሆነው ግን ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ አካባቢ ሊረጋ ይችላል፤ አሲዱ ወደ ውሃ ስለሚጠጋ። ጎኑ ያበጠ፣ የተሰነጠቀ ወይም ውስጡ በረዶ የያዘ ባትሪን በፍጹም አታገናኙ፣ ቻርጅም አታድርጉ። ሊፈነዳ ይችላል።

ደህና ከሆነ፣ ሁለቱም መኪኖች ጠፍተው፣ እንዲህ ነው። ቀዩን ኬብል መጀመሪያ ከሞተው ባትሪ ፖዘቲቭ፣ ቀጥሎ ከደህናው ባትሪ ፖዘቲቭ ጋር ያዙ። ጥቁሩን ከደህናው ባትሪ ኔጋቲቭ ጋር ያዙ። የመጨረሻውን የጥቁር ጫፍ ግን ከሞተው ባትሪ ላይ አታድርጉ፤ ከባትሪው ራቅ ያለ፣ ቀለም ያልተቀባ የሞተር ብረት ላይ ያዙት። ባትሪ ሃይድሮጂን ጋዝ ያወጣል፤ የመጨረሻው ግንኙነት ደግሞ ብልጭታ ይፈጥራል። ሁለቱ እንዳይገናኙ ነው። የሚረዳውን መኪና አስነሱና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፤ በብርድ ጊዜ ይህ ትዕግሥት ይከፍላል። ከዚያ የራሳችሁን ሞክሩ። ስትፈቱ የያዛችሁበትን ቅደም ተከተል ገልብጡት።

ሞተር ማሞቂያ ማስገጠም ያስፈልጋል?

ብርዱ ከዜሮ በታች 20 የሚወርድበት ቦታ ከሆናችሁ መልሴ አዎ ነው። ከአዲስ ባትሪ ቀጥሎ ገንዘብ የሚገባው ነገር ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ።

በእንግሊዝኛ ስሙ ብሎክ ሂተር ይባላል። ሞተሩ ውስጥ ወይም ላይ የሚገጠም፣ በግድግዳ ሶኬት የሚሠራ ማሞቂያ ነው። ብዙዎቹ ከ400 እስከ 1,000 ዋት ይወስዳሉ። የሞተሩን ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ስለሚያሞቁ ብሎኩ ይሞቃል፣ ዘይቱም ይላላል። ሞተሩ በቀላሉ ይነሳል፣ የሚጠፋው ነዳጅ ይቀንሳል፣ የጋቢናው ማሞቂያም ቶሎ ይሞቃል። ሐሳቡ የመጣው በአሜሪካዋ ኖርዝ ዳኮታ ይኖር ከነበረ አንድሩ ፍሪማን ከተባለ ሰው ነው፤ የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1949 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ዛሬ እንደ አላስካዋ ፌርባንክስ ባሉ ከተሞች የመኪና ማቆሚያዎች ላይ የኤሌክትሪክ ሶኬት ተተክሎ ማየት የተለመደ ነው።

ሌሊቱን ሙሉ ማብራት ግን አያስፈልግም። ከመነሳታችሁ ከ2 እስከ 4 ሰዓት በፊት ቢበራ በቂ ነው። በሰዓት መቆጣጠሪያ ሶኬት ብታደርጉት መብራቱም አይባክንም። ገመዱ ለውጭ የተሠራና ወፍራም ይሁን፤ የቤት ውስጥ ቀጭን ገመድ ግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ከመንዳታችሁ በፊት መንቀልንም አትርሱ። ብዙዎች ገመዱን መሪው ላይ ጠምጥመው ያስታውሳሉ፤ ወይም ሶኬቱን ከሾፌሩ በር በኩል ያደርጉታል።

ዘይት መቀየር አለብኝ?

መመሪያ መጽሐፉ ከፈቀደ፣ ቀጭኑን ምረጡ። 5ደብልዩ-30 ከተባለ የመጀመሪያው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ ምን ያህል እንደሚፈስ ያሳያል፤ ባነሰ ቁጥር ይበልጥ ይፈሳል። ዘይቱ ሞተር ለማዞር ብቁ መሆኑ የሚፈተሸው 0ደብልዩ ከሆነ ከዜሮ በታች 35 ዲግሪ ላይ ነው። 5ደብልዩ በ30፣ 10ደብልዩ በ25፣ 15ደብልዩ ደግሞ በ20 ነው። ሲንቴቲክ ዘይት በብርድ ከተራው ይልቅ በደንብ ይፈሳል። ዋጋው ከፍ ቢልም በእኔ ግምት በእንዲህ ዓይነት ብርድ ያዋጣል።

ራዲያተር ውስጥ አንቱፍሪዝ በዛ ቢል ይሻላል አይደል?

አይደለም። አንቱፍሪዝ የራዲያተሩ ውሃ በረዶ እንዳይሆን የሚጨመር ፈሳሽ ነው፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት ግን መጠኑ ላይ ነው። ግማሽ በግማሽ ከውሃ ጋር የተደባለቀ አንቱፍሪዝ ከዜሮ በታች 37 ዲግሪ ገደማ ድረስ ይከላከላል። ወደ 60 በመቶ ከፍ ቢል እስከ 50 አካባቢ ይደርሳል። ያልተበረዘው ግን ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ ገደማ ላይ ይረጋል! ሙቀት የማጓጓዝ ችሎታውም ያንሳል። ከ70 በመቶ በላይ አታድርጉት።

ውሃ ብቻ የሞላችሁ ከሆነ ዛሬውኑ ቀይሩት። ውሃ በረዶ ሲሆን ያብጣል፤ ራዲያተርን አልፎ የሞተር ብሎክ ይሰነጥቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ወጪ ሌላ ነው። ድብልቁን የሚለካ ትንሽ መሣሪያ አለ፤ ጋራዥ ካለፋችሁ አስለኩ። ፈሳሹ ጣፋጭ ጣዕም ያለው መርዝ ስለሆነ ቢፈስ ልጅና እንስሳ እንዳይቀምሱት ወዲያው ጥረጉት።

ጠዋት ሞተሩን ለስንት ደቂቃ ላሙቀው?

ዘመናዊ ሞተር በተራ ብርድ ከግማሽ እስከ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል። ብርዱ በጣም ከከፋ ጥቂት ደቂቃ ጨምሩ። ከዚያ ቀስ ብላችሁ ንዱ፤ ለመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ሞተሩን አታስጩኹት። ቆሞ ከመሞቅ እየሄደ መሞቅ ይፈጥናል። ማርሹ፣ የጎማ ማሽከርከሪያውና አሞርዛተሩም የሚሞቁት ሲሄድ ብቻ ነው። መስታወቱ ግን ሙሉ በሙሉ ሳይጠራ አትንቀሳቀሱ።

ሩሲያ ውስጥ እንደ ያኩትስክ ባሉ ከተሞች ሰው መኪናውን ውሎ ሙሉ ሳያጠፋ ይተወዋል። እዚያ የጥር ብርድ ከዜሮ በታች 40 አካባቢ ስለሚውል ምክንያት አላቸው። ለቀረነው ግን ነዳጅ ማቃጠል ነው።

ይህን ግን ጠበቅ አድርጌ ልናገር፦ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አታሙቁ። በሩ ክፍት ቢሆንም አታሙቁ፤ ከቤት ጋር የተያያዘ ከሆነ ጭሱ ወደ ውስጥ ይገባል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ ቶሎ ወደ ንጹህ አየር ውጡና እርዳታ ጥሩ።

ናፍጣ ይረጋል ሲባል እውነት ነው?

እውነት ነው። ናፍጣ ውስጥ ሰም አለ። ሲበርድ ሰሙ መጀመሪያ ነዳጁን ያደፈርሰዋል፤ ሲብስ ፊልትሮውን ይደፍነዋል። ለሞቃት ወራት የተዘጋጀ ናፍጣ ዜሮ አካባቢ ላይ እንኳ ሊጀምረው ይችላል። በብርድ አገር ማደያዎች በወቅቱ የብርድ ናፍጣ ይሸጣሉ። አደጋው ያለው ከሞቃት አካባቢ ሞልታችሁ ወደ ቀዝቃዛው ስትጓዙ፣ ወይም መኪናው ከመኸር ጀምሮ ቆሞ ከነበረ ነው። ፀረ-ርጋታ የሚባለው ተጨማሪ የሚሠራው ነዳጁ ሳይረጋ ከተጨመረ ብቻ ነው። አንዴ ከረጋ መኪናውን ሙቅ ቦታ ከማስገባት የሚሻል የለም። ድሮ ሰው ቤንዚን ይቀላቅል ነበር፤ በዛሬ ሞተር ላይ አታድርጉት፣ ፓምፑን ያበላሻል።

ቤንዚን ራሱ አይረጋም። መስመሩ ውስጥ ያለው ውሃ ግን በረዶ ይሆናል። ታንከሩን ከግማሽ በታች አታውርዱት።

ስለ ጎማስ?

ቅዝቃዜው ከዜሮ በላይ 7 ዲግሪ ሆኖ ከዚያ ሲወርድ ለሞቃት ወራት የተሠራ ጎማ ላስቲኩ ይደርቃል፤ በረዶ ባይኖርም መያዝ ያቅተዋል። የበረዶ ጎማ አራቱም እግር ላይ ይሁን፤ ሁለት ብቻ ካደረጋችሁ መኪናው በመታጠፊያ ላይ ይዞራል። ጎኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና የበረዶ ቅንጣት ምልክት ፈልጉ። የጎማው ነፋስ ደግሞ በየ5 እና 6 ዲግሪው መውረድ 1 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ያህል ይቀንሳል። ጎማው ቀዝቃዛ እንደሆነ ለኩና ሙሉ።

በሩ ተጣበቀ፣ መስታወቱም በረዶ ሆነ። ሙቅ ውሃ ላፍስበት?

በጭራሽ። መስታወቱ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ውሃውም ወዲያው በረዶ ሆኖ ሌላ ሥራ ይጨምራል። መፋቂያና የበረዶ ማቅለጫ ፈሳሽ ተጠቀሙ። ማቅለጫውን መኪናው ውስጥ ሳይሆን ቤት ወይም ኪሳችሁ ውስጥ ያዙት። በሩ ካልተከፈተ ከመጎተታችሁ በፊት በትከሻችሁ ገፋ አድርጉት፤ በረዶው ይሰበራል። ቀድማችሁ የበሩን ላስቲክ በሲሊኮን ብትቀቡት ግን መጀመሪያውኑ አይጣበቅም። የዋይፐር ውሃችሁም ለብርድ የተሠራ ይሁን። ማታ ዋይፐሩን በእጅ ከማጥፋታችሁ በፊት ቁልፉን አታውጡ፤ አለዚያ ጠዋት መስታወቱ ላይ ተጣብቆ ሳለ ሲነሳ የዋይፐሩ ሞተር ሊቃጠል ይችላል።

እጅ ፍሬን እርጥብ ሆኖ ካደረ ይጣበቃል። ሜዳ ላይ ከሆናችሁ ማርሽ አስገብታችሁ ወይም ፒ ላይ አድርጋችሁ ተዉት።

ነፋሱ መኪናዬን ይበልጥ ያቀዘቅዘዋል?

ቶሎ ያቀዘቅዘዋል እንጂ ከአየሩ በታች አያወርደውም። "የሚሰማው ብርድ" ተብሎ የሚነገረው ቁጥር ለሰው ቆዳ ነው። ቢሆንም ከነፋስ የተከለለ ቦታ ማቆም ይጠቅማል፤ ሞተሩ ሙቀቱን ትንሽ ያቆያል።

መንገድ ላይ በረዶ ውስጥ ቀርቼ ማንም ባይመጣ ምን ላድርግ?

ከመኪናው አትውጡ። ብዙ ሰው የሚጎዳው እርዳታ ፍለጋ በእግሩ ሲሄድ ነው። በበረዶ ዝናብ ውስጥ አቅጣጫ ይጠፋል፤ መኪና ደግሞ ከሰው ይልቅ ከሩቅ ይታያል። አንቴናው ወይም በሩ ላይ ደማቅ ጨርቅ እሰሩ።

ሞተሩን ያለማቋረጥ አታስኬዱ። በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ያህል በቂ ነው። በእያንዳንዱ ጊዜ ግን ከማስነሳታችሁ በፊት የጭስ ማውጫውን ከበረዶ አጽዱ። ከተደፈነ ጭሱ ወደ ጋቢና ይመለሳል፤ በዚህ መንገድ ሰው ሞቷል። ከነፋሱ ተቃራኒ በኩል ያለውን መስኮት ትንሽ ክፈቱ። ሁላችሁም አንድ ላይ አትተኙ፤ አንድ ሰው ነቅቶ ይጠብቅ። ተጠጋግታችሁ ተቀመጡ፣ እግርና እጅ አንቀሳቅሱ። በረዶ በቀጥታ አትብሉ፤ የሰውነት ሙቀት ይወስዳል፣ ቀልጦ ይጠጣ። የአልኮል መጠጥ አያሞቅም፤ የሚያሞቅ የሚመስለው ደም ወደ ቆዳ ስለሚሄድ ነው፣ ውስጣችሁ ግን ይበልጥ ይቀዘቅዛል።

መኪና ውስጥ ምን ይቀመጥ? ብርድ ልብስ ወይም የመኝታ ከረጢት በሰው ልክ፣ ተጨማሪ ጓንትና ካልሲ፣ አካፋ፣ ለጎማው ሥር የሚበተን አሸዋ፣ የባትሪ ኬብል፣ መጎተቻ ገመድ፣ የእጅ ባትሪ፣ የማይረጋ ምግብ። ስልክ በብርድ ቶሎ ይሞታል፤ ከሰውነታችሁ አጠገብ ያዙት። ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ በየት መንገድ እንደምትሄዱና መቼ እንደምትደርሱ ለአንድ ሰው ንገሩ። ከዝርዝሩ ሁሉ ይህ ነጻ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሕይወት የሚያተርፈውም እሱ ነው።

ውጭ ቆሜ መኪና ስሠራ እጄን እንዴት ልጠብቅ?

የሚሰማው ብርድ ከዜሮ በታች 28 ሲደርስ የተጋለጠ ቆዳ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውርጭ ሊመታው ይችላል። 40 ላይ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል። ባዶ እጃችሁን ብረት አትንኩ። ቤንዚን እጃችሁ ላይ ቢፈስ ደግሞ ሲተን ሙቀት ስለሚወስድ ቆዳውን ባንዴ ይጎዳል፤ ስትሞሉ ጓንት አድርጉ። ከውስጥ ጥጥ አትልበሱ፤ ላብ ይይዝና ያቀዘቅዛል። ሱፍ ወይም ሲንቴቲክ ከሥር፣ ነፋስ የማያስገባ ከላይ።

ጣት ወይም ጆሮ ነጣ ብሎ ከደነዘዘ አትፈትጉት፤ በረዶም አታሹበት። ሙቅ ቤት ግቡና ከ37 እስከ 39 ዲግሪ በሆነ ውሃ ውስጥ አቆዩት። እንደገና ሊበርደው የሚችል ከሆነ ግን አታሙቁት፤ ቀልጦ ደግሞ ሲረጋ ጉዳቱ ይብሳል። ሰው ምላሱ ከተሳሰረ፣ ከተደናበረ ወይም መንቀጥቀጡን ካቆመ የሰውነቱ ሙቀት ወርዷል ማለት ነው። ለአምቡላንስ ደውሉ፤ ጊዜ አታባክኑ።

የኤሌክትሪክ መኪናስ?

ይነሳል፤ ችግሩ ርቀቱ ነው። በከባድ ብርድ ከ20 እስከ 40 በመቶ ሊቀንስ ይችላል፤ ጋቢና ማሞቁ ብዙውን ይወስዳል። ገመዱ ሳይነቀል ባትሪውንና ጋቢናውን አሙቁ። የወንበርና የመሪ ማሞቂያ ከአየር ማሞቂያው በጣም ያነሰ ይወስዳሉ። ቀዝቃዛ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግም ይዘገያል፤ ጉዞ ላይ ከሆናችሁ ቆሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ሳይሆን ወዲያው እንደደረሳችሁ፣ ገና ሙቅ እያለ ሰኩት።

በዚህ ብርድ መኪና ማጠብ ይቻላል?

ይቻላል፣ ያስፈልጋልም። መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው የመኪናውን ሆድ ይበላል። አየሩ ወደ ዜሮ የሚጠጋበትን ቀን ምረጡ። ከሥር በደንብ ይረጭ። ስትጨርሱ የበሩን ጠርዝና ላስቲክ አድርቁ፣ ከዚያ በሮቹን ሁሉ አንድ ሁለት ጊዜ ክፈቱና ዝጉ። ፍሬን ላይ የቀረውን ውሃ ለማድረቅ ጥቂት እየነዳችሁ ቀስ አድርጋችሁ ደጋግማችሁ ርገጡት።